በቀን ስምንት ካርድ

ወንድሜ ሰው አይጠረጥርም። ይህን የምለው ላመሰግነው ፈልጌ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ሲያናድደኝ የኖረ ጠባዩ ስለሆነ ነው። ዳቦ ሻጯ «አሁን የወጣ ነው» ካለችው የትናንቱን ታቅፎ ይመጣል። አንድ ጊዜ ጃንጥላውን ለማያውቀው ሰው አውሶ፣ «ይመልሰዋል፣ አደራ ብዬዋለሁ» እያለ አንድ ክረምት ሙሉ በዝናብ ተመላለሰ። እኔ ደግሞ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ከልቤ የያዝኩ ሰው ነኝ። ስንጥሩን ባላገኘው እንኳ ገንፎውን ሳገላብጥ እውላለሁ። ከአንድ እናትና አባት መወለዳችንን የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል።

እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። የመጀመሪያ ጥርሱን የነቀልኩለት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅተው ከባለቤቶቹ ጋር የተጣላሁትም እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳ አራት ሞልቶታል፤ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ሐኪሞቹ ሰው ያክማሉ፣ እሱ ሰው የሚታከምበትን ያክማል። ነርሶቹ «ዶክተር ብሎን» ብለው ስም አውጥተውለታል። አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ እኔ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ሾርባ ሳሞቅ እሱ ሳህን ያቀርባል። እንዲህ ሆነን ስንኖር ነው ነገሩ የመጣው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ብዙ ወፍራም ካርቶን በክንዱ አቅፎ ገባ።

«እቴቴ፣ ያንቺ መቀስ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። በቁመት እንደ መዳፌ፣ በወርድ ሦስት ጣት አድርገሽ ትቆርጪልኛለሽ?»

«ስንት?»

«ለጊዜው አራት መቶ።»

«ቁማር ቤት ልትከፍት ነው እንዴ?»

«የጃፓን ፊደል ላጠናበት ነው» አለኝና ምንም እንዳልተናገረ ሰው ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ።

መቀሴን አስቀመጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ሆስፒታሉ ከጃፓን ያገለገለ የደም መመርመሪያ ማሽን በስጦታ አግኝቷል። መመሪያው በጃፓን ፊደል፣ በላዩ ላይ ያለው ቁልፍ ሁሉ በጃፓን ፊደል። ባለፈው ዓመት ሲሠራ በነበረበት ሰዓት ድንገት ቢጫ መብራት በራ፤ ከመብራቱ ሥር ሁለት ምልክት ታየ። እሱ «ቀጥል» ማለት ይሆናል ብሎ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነው። ምልክቱ ለካ «አቁም» ማለት ኖሯል። ማሽኑ ተቃጠለ። ሌላ ማሽን በውሰት እስኪገኝ ሁለት ወር ሙሉ የበሽተኛ ደም በመኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲመላለስ ከረመ፤ የተቃጠለው እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

«ታዲያ ስልክህ ይተርጉምልህ።»

«ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ ኔትወርክ የለም። ደረጃ ወጥቼ ኔትወርክ ስፈልግ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቀኛል?»

አራት መቶውን ካርድ ቆረጥኩለት። ማመን ግን አላመንኩትም። ለአንድ ቢጫ መብራት ብሎ፣ በጠቅላላው ሁለት ሺህ ይሆናል ያለኝን ምልክት የሚሸመድድ ሰው የት አገር አለ? ደግሞም የባሌን ነገር አልረሳሁም። ባሌ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለሁለት ወር ያህል በትንሽ ደብተር የባዕድ ቋንቋ ቃል እየጻፈ፣ ጓዳ ለጓዳ እየተንጎራደደ ሲያነበንብ ከረመ። ከዚያ «ለአሥራ አምስት ቀን ስልጠና» ብሎ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ወጣ። ስልጠናው እስከ ዛሬ አላለቀም። እና ወንድ ልጅ ቤቴ ውስጥ የባዕድ ቋንቋ ማጥናት ሲጀምር ሻንጣ ነው የሚታየኝ። እሱም ሄዶ ብቻዬን የምቀር መሰለኝ፤ ሌላ ማንም የለኝም።

አጠናኑን ሳልጠይቀው ራት ላይ ያስረዳኝ ጀመር። ሦስት የጫማ ካርቶኖች አሉት። አንደኛው የየቀኑ፣ ሁለተኛው የሦስት ቀን፣ ሦስተኛው የሳምንት ነው። አዲስ ካርድ መጀመሪያ የየቀኑ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ፊቱ ላይ ምልክቱ፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ አለ። ምልክቱን አይቶ ትርጉሙን ካወቀው ካርዱ ወደ ሦስት ቀን ካርቶን ያልፋል፤ እዚያም ካወቀው ወደ ሳምንቱ። ከሳተው ግን የትም ይሁን የት፣ እንደወደቀ ተማሪ ተመልሶ ከየቀኑ ይጀምራል። አዲስ ካርድ በቀን ስምንት ብቻ ነው፤ እሑድ ክለሳ እንጂ አዲስ የለም።

«ለምን አሥራ ስምንት አታደርገውም? ቶሎ ትገላገላለህ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር መቼ እንደሚሄድ እያሰላሁ ነበር።

«ዛሬ አሥራ ስምንት ብይዝ ከሳምንት በኋላ ክለሳው ተከምሮ ይደፋኛል። ጉልበት እያለኝ ነው ማቆም ያለብኝ፤ ነገ ተመልሼ እንድቀመጥ።»

«አዎ፣ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አልኩት በሽሙጥ።

«ይሄዳል እኮ» አለኝ ከልቡ። ሽሙጥ እንኳ አይጠረጥርም።

የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነበር። «ዛፍ ራሱ ዛፍ ይመስላል፤ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ጫካ ነው፣ ሦስት ሲሆን ደን» እያለ ማንኪያ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይስልልኛል። ደም ማለት ሳህን ላይ ጠብ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ኤሌክትሪክ ደግሞ ከላይ ዝናብ፣ ከታች እርሻ፣ ከእርሻው የሚወጣ ጭራ። መቶ ምልክት በሞላ ቁጥር ለራሱ አንድ ኬክ ይገዛና ግማሹን ለእኔ ያመጣል። እኔም «ይህ ኬክ ምን ሊነግረኝ ነው?» እያልኩ እበላዋለሁ።

በሁለተኛው ወር ወገቡ ጎበጠ። አዳዲሶቹ ምልክቶች ከአሮጌዎቹ ጋር ይደባለቁበት ጀመር። አንድ ቀን እርሳሱን ግድግዳው ላይ ወረወረ። «ሁሉም አንድ ናቸው! ጭረት በጭረት ላይ!» ደስ አለኝ። ደስታዬን ደብቄ «ተወዋ፣ አንተን ማን አስገደደህ?» አልኩት። እኔ እንደሚተወው እርግጠኛ ሆኜ ነበር። በማግስቱ ሻይ እየጠጣ «ከስምንት ወደ አራት ወረድኩ» አለኝ። «መቀነስ ማቆም አይደለም፣ እቴቴ። አሥር ቀን በአራት እሄድና ትንፋሽ ሳገኝ እመለሳለሁ።» ግድግዳው ላይ የሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ባጠና ቁጥር የራይት ምልክት ያደርጋል። ደክሞት በገባ ቀን እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ አምስት ካርድ ገልብጦ ምልክቱን ያደርጋል። ያንን የምልክት ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ቀኖቹን እቆጥራለሁ። የሚሄድ ሰው ካልሆነ እንዲህ የሚያስጨክን ምን አለ?

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ሸሚዙን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አራት ጉርድ ፎቶ አገኘሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለመታወቂያ። ሆስፒታሉ መታወቂያ ሊቀይርልን ነው።»

ቶሎ መለሰልኝ። ቶሎ መመለሱ ነው የባሰ ያስጠረጠረኝ። እውነት የሚናገር ሰው ትንሽ ያስባል እንጂ እንደተዘጋጀ ሰው አፍ አፌን አይለኝም። በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለለትና ግቢ ወጥቶ አወራ። በመስኮት ጆሮዬን አቀናሁ። «ከተፈቀደልኝ በሁለት ወር ውስጥ… አዎ… ለእህቴ ገና አልነገርኳትም» ሲል ሰማሁ። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ፎቶ፣ ፈቃድ፣ ሁለት ወር፣ ያልተነገራት እህት። ልብሱን ብቻ ማጠፍ ነው የቀረው።

ፊት ለፊት ጠይቂው የሚለኝ አይጠፋም። ባሌንም ፊት ለፊት ጠይቄው ነበር፤ ዓይኔን እያየ ነው «አሥራ አምስት ቀን» ያለኝ። እና ሌላ መላ ፈለግሁ።

ካርድ መስረቅ አይሆንም፤ የየካርቶኑን ለይቶ ባይሆንም አጠቃላይ ቁጥራቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ስለዚህ አልሰረቅሁም። እሱ ሥራ ሲሄድ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ክፍሉ ገብቼ፣ ከሳምንቱ ካርቶን አሥር ካርድ አወጣሁና የየቀኑ ካርቶን ውስጥ ጨመርኳቸው። በቃ ይኸው ነው። አንድም ካርድ አልጎደለም። ያለፉት ወደቁ። ክምሩ አልቀንስ ሲለው ታክቶት ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። እሱ ራሱ አይደል «ክለሳው ተከምሮ ይደፋኛል» ያለኝ? የገዛ ምክሩን ነው ሥራ ላይ ያዋልኩለት።

በማግስቱ አሥር። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት። ልብስ ስሰፋ እውላለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እጄን ጠርጌ እገባለሁ። የየካርዱን ፊትና ጀርባ ለምን እንደማየው አላውቅም፣ ግን አያለሁ፤ የሰው ነገር ሳያገላብጥ የሚያስቀምጥ እጅ የለኝም። ዝናብ። ደም። መዝጋት። አደገኛ። ቀኝ። እሱ ያሳልፋቸዋል፣ እኔ እጥላቸዋለሁ። ሁለተኛ ዙር ስጥላቸው እንደ ድሮ ጎረቤት መልካቸውን ለየሁት።

መላዬ ሠራ። የየቀኑ ክምር ከሃያ አምስት ወደ ሰባ አደገ። ራት ላይ ማንኪያ ይዞ መሣሉ ቀረ። ከእንቅልፉ ገና ሳይነጋ ይነሳና ካርዶቹን ያገላብጣል፤ አዲስ መያዝ አቆመ። መሄጃው እየራቀ መሰለኝና ሾርባውን ወፈር አድርጌ እሠራለት ጀመር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል፤ እየጎዳሁት እቀልበው ነበር።

አንድ ምሽት ማንኪያውን አስቀምጦ «እቴቴ፣ አባባን ሲጀምረው ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ።

አባታችን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ መስመር ነድቶ፣ አንድ ጠዋት መንገደኛ እንደጫነ መታጠፊያው ጠፋው። ከዚያ በኋላ የልጅነቱን ዘፈን አንዲት ቃል አይስትም ነበር፤ ምሳ መብላቱን ግን አያስታውስም። በመጨረሻ እኔን፣ የገዛ ልጁን፣ «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለኝ። ወንድሜ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የሚያጥበውና የሚያለብሰው እሱ ነበር። ከቀበርነው ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ በሽታው አንስተን አናውቅም።

«ሃምሳ ሁለት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ሌላ እህት ብትሆን ልቧ ዱብ ይል ነበር። እኔ ምን ብዬ ጠረጠርኩ? ሊሄድ ስለሆነ የአባቱን መቃብር ሊሰናበት አስቧል ብዬ። በማግስቱ አሥራ አምስት ካርድ አወረድኩበት።

ካርድ ማውረድ በጀመርኩ በሃያ ሁለተኛው ቀን ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ ጋዋን ልታስጠብብ መጣች። ደንበኛዬ ናት፣ ወሬ ትወዳለች፣ እኔም አልጠላም። ጎኗን በስፒል እየያዝኩላት ሳለ «እትዬ፣ ዶክተር ብሎንን ግን ምን ነካብን?» አለችኝ።

«ምን ነካው?»

«አልሰማሽም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። የደም ማሽኑን አልነካም አለ እኮ። ስንት ወር ሲለፋበት ከርሞ፣ አለቃው በስንት ልመና ከፍቶ እንዲሞክረው ፈቀደለት፣ የፈቀደለት ዕለት 'እኔን አታምኑኝ' ብሎ እንቢ አለ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውሩኝ ብሎ ደብዳቤ እየጻፈ ነው ይላሉ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐኪም ዘንድም ሄዷል። 'እጄ የሠራውን አላስታውስም፣ አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው' አለው። ጭንቅላቱን ፎቶ አንስተውታል።»

ስፒሉ ጣቴን ወጋኝ። ደሙ ነጩ ጋዋን ላይ አረፈ፤ ነርሷ «ውይ እትዬ!» ስትል እንኳ ይቅርታ አላልኳትም። ፎቶው እንዳለኝ የመታወቂያ ነበር። ስልክ ላይ ከተፈቀደልኝ ያለው ማሽኑን መክፈት ነበር። ሁለት ወር ያለው ለጥገናው ነበር። ለእኔ ያልነገረኝ፣ ማሽኑ ሲነሳለት ሊያስደንቀኝ ፈልጎ ነበር። አንድ አፍታ ውስጥ ሁሉም ገባኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ እውነቱን ሲነግረኝ አንድ ቀን ያላመንኩት እኔ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ ቤቱን ዘጋሁ። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሽርጤን ሳላወልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። የጥገና ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ፣ ጠረጴዛው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ብረት። ብቻውን ተቀምጧል። መጀመሪያ ያየሁት ወንድሜን አይደለም፤ ወረቀቶቹን ነው። በየመሳቢያው ላይ ተለጥፈዋል። «ብሎን»። «ፒንሳ»። «ካቻቢቴ፣ ትንሹ»። «መስኮቱን ዝጋ»። «ምሳ በልተሃል ወይ?» አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነሳቸው የኖሩትን ዕቃዎች ስም ጽፎ ለጥፎባቸዋል።

«እቴቴ? ምን ሆንሽ?» ብድግ አለ።

«አንተ ምን ሆንክ?»

ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝና ቆሞ ቀረ። «ልነግርሽ ነበር» አለ። «ጀምሮኛል መሰለኝ። ምልክቶቹን አልረሳም፣ የሚገርመው እሱ ነው። ትርጉማቸውን አውቀዋለሁ። ግን ትናንት ወደ ሳምንቱ ያሳለፍኩትን ካርድ ዛሬ የየቀኑ ውስጥ አገኘዋለሁ። ስቼው መልሼ ካስቀመጥኩት፣ መሳቴን አላስታውስም። አባባም ዘፈኑን አልረሳም ነበር እኮ። ትናንት እጄ የሠራውን የማላስታውስ ከሆነ፣ ሰው የሚመረመርበትን ማሽን እንዴት እነካለሁ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ካርዶቹን የማወርደው እኔ ነኝ። ቀን ቀን፣ አንተ ስትወጣ እየገባሁ።»

አየኝ። ከዚያ ፊቱ ለስለስ አለ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «እቴቴ፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው። ተዪው። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አታደርጊም።»

በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ያቃጠለኝ ነገር የለም። ስዋሽ ስኖር የሚያምነኝ ሰው እውነት ስናገር አላመነኝም፤ ክፉ መሆኔን ሊጠረጥር አልቻለም። ማልኩለት። በእናታችን ማልኩ። ራሱን እየነቀነቀ «ተዪው» ይላል። ያኔ ከሽርጤ ኪስ ልብስ የማሰምርበትን የሳሙና ቁራጭ አወጣሁና የብረት ጠረጴዛው ላይ መሣል ጀመርኩ። ዝናብን ሣልኩ። ሳህንና ጠብታዋን ሣልኩ። ከዝናቡ ሥር እርሻውንና ጭራውን።

«ይህ ዝናብ ነው፤ ሦስት ጊዜ አውርጄዋለሁ። ይህ ደም ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ መጨረሻ ማክሰኞ። ኤሌክትሪክ። ቀኝ። ይህኛው መዝጋት ነው፣ በር ውስጥ የሆነ ነገር አለው። ይህ አደገኛ ነው፣ አሳምሬ አልሠራውም፣ ግን እሱ ነው…»

አሥራ ዘጠኝ ምልክት ሣልኩ። እኔ፣ ጃፓን በየት በኩል እንደሆነ የማላውቀው ሴት። አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጁን ከትከሻዬ አነሳ።

«ለምን?»

«ትሄዳለህ ብዬ።»

«የት?»

«እኔ እንጃ። እዚያው። ባሌ እንደሄደው።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። በመጀመሪያው ቀን።»

«ነግረኸኝ ነበር።»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ። «ስንት ቀን?» አለ በመጨረሻ።

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ቀን። ሾርባ እየቀዳሽልኝ?» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባባን ያከመው ሐኪም ነው የመረመረኝ፣ እቴቴ። 'ልጅ ሳትወልድ አስብበት' ብሎኛል።»

አፈርኩ፣ አለቀስኩ፤ እሱ ለቅሶዬን ቆሞ ጠበቀልኝ። ከዚያ በመሳቢያዎቹ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየላጠ ኪሱ ከተተ። የጀመረውን ደብዳቤም እንደዚያው።

ቤት ስንመለስ ካርዶቹን ላስተካክልለት ብዬ ተነሳሁ፤ የቱን ከየት እንዳወረድኩ አስታውሳለሁ። «አይ፣ ተዪው» አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሦስት ቀን ብቻውን ለያቸው፤ አራት መቶ ሰባ ስድስቱንም ከመጀመሪያ እየፈተነ። አራተኛው ቀን ላይ የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አደረገ። ነርሷ ጋዋኗን ልትወስድ ስትመጣ የደም ማሽኑን መክፈት መጀመሩን ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ግን ራት ይበላል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ይነሳል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሳህን አጥባለሁ።

እሑድ ጠዋት መሣሪያውን ይዞ ከክፍሉ ሲወጣ ሰማሁት። ከዕቃ መሸጫ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ገዝቶ መጥቷል። አዲስ የበር ቁልፍ ነው። የክፍሉን በር በእርሳስ አሰመረ፣ ትራፓኖውን ሰካ፣ መብሳት ጀመረ። እዚያ ቤት ውስጥ በተወለደ በሠላሳ አራት ዓመቱ በሩን ዘግቶ አያውቅም። የተበሳው እንጨት ዱቄት ወለሉ ላይ ሲፈስ እኔ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ነበር፤ ልሂድ አልሂድ እያልኩ።

በሩ እየተንቀሳቀሰ አስቸገረው። ዞር ብሎ አየኝ።

«እቴቴ፣ በሩን ያዢልኝ።»

ቁጣ የለበትም። ትናንት ሳህን አቀብዪኝ ባለበት ድምፅ ነው ያለኝ። ሄጄ በሁለት እጄ ያዝኩለት። ቁልፉን በቦታው አስገባ፣ በመሮ ትንሽ ጠረገለት፣ አራቱን ብሎን አንድ በአንድ አጠበቀ። ቆለፈው፣ ከፈተው፣ እንደገና ቆለፈው። ሁለት መክፈቻ ነበረው፤ ሁለቱንም ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ዛሬ ክለሳ ብቻ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ከነገ ጀምሮ በአራት እጀምራለሁ።»

«በአራት ጥሩ ነው» አልኩት።

ገባና ቆለፈ። እጄን ከበሩ ላይ ያነሳሁት ከቆለፈ በኋላ ነው።